ሠራተኛ ሲታመም ወጪው የማን ነው?

በአዊ ነጋዴዎች፣ ሠራተኞችና ሕሙማን ላይ ስለሚሠሩ የጤና ሕጎች የቀረበ ትምህርት

አንድ ነጋዴ ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡን ከፍቶ ሒሳቡን ሲመረምር የሱቁን ኪራይ፣ የጭነቱን ዋጋ፣ የሠራተኛውን ደመወዝና ለመንግሥት የከፈለውን ግብር በየመስመሩ ተጽፎ ያገኘዋል። የሠራተኛው ሕመም ግን በመዝገቡ ውስጥ መስመር የለውም። መስመር ባይኖረውም ወጪነቱ አይቀርም፤ አንዳንድ ጊዜ ከሠራተኛው ቤት፣ አንዳንድ ጊዜ ከነጋዴው ኪስ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዕድርተኛው መዋጮ ይወጣል። ይህ ወጪ ከየት መውጣት እንደሚገባው የሚወስኑ ሕጎች ተጽፈው ሳሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቁት ጉዳት ከደረሰና ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ለሚገኙት ለእንጅባራና ለዳንግላ ከተሞች ይበልጥ ይሠራል። ከባንጃ የሚመጣው ድንች፣ ከፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል፣ ከየወረዳው የሚሰበሰበው እህልና የባሕር ዛፍ አጣና በመኪና ተጭኖ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። ጫኝና አውራጁ፣ የመኪናው ረዳት፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራው፣ በሻይ ቤት የምታስተናግደው፣ በሱቅ የሚሸጠው ሁሉ ጤናው ሲጓደል ንግዱም አብሮ ይጓደላል።

አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን በአእምሮው ቢይዝ ይበቃዋል። አንደኛው፣ ሕመሙ የመጣው ከሥራው ነውን ወይስ ከሥራው ውጭ? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የታመመው ሰው የወር ደመወዝ አለውን ወይስ የለውም? የሚለው ነው። በጉዳዩ ላይ የወጡት ሕጎች በአብዛኛው የተከፋፈሉት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የሕክምና ዋጋ እንዴት ሲከፈል ኖረ

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ከተቋቋመበት ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሕክምና ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ እየበዙ ሄዱ። በእነርሱም ዘንድ ሕመምተኛው በታከመ ጊዜ ገንዘብ መክፈሉ ልማድ ሆኖ ኖረ። መክፈል የማይችል ድኻ መሆኑን ከአካባቢው ሹም ወይም ከቀበሌው አስመስክሮ በነጻ ይታከማል። እንደ ክትባት፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ እንደ እርጉዞች ክትትልና እንደ ወሊድ ያሉት አገልግሎቶች ደግሞ በጤና ጣቢያ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚሰጡ ሆነዋል።

በ1990 ዓ.ም. የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስልት ከወጣ በኋላ ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ እያወጡ አዲስ አሠራር ጀመሩ። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያው ከሕመምተኛ የሰበሰበውን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገባ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ገንዘቡን በራሱ ዘንድ አስቀርቶ መድኃኒት እንዲገዛበትና ሕንጻውን እንዲያድስበት ተፈቀደ። ይህ ለጤና ጣቢያው መልካም ሆነ። ለሕመምተኛው ግን ዋናው ችግር አልተፈታለትም፤ ሰው ገንዘብ የሚጠየቀው ሠርቶ ማግኘት ባቃተው ሰዓት ነውና። በሀገሪቱ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ከሕመምተኛው ቤተ ሰብ ኪስ በቀጥታ ሲወጣ ቆይቷል። ይህም ማለት አንዱ በሬውን ሸጦ፣ ሌላው የንግድ መነሻውን በልቶ ይታከማል ማለት ነው።

ሕመሙ ከሥራው የመጣ እንደ ሆነ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ አደጋ ቢደርስበት ወይም ከሥራው ጠባይ የተነሣ በሽታ ቢይዘው፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ ነው። «እኔ አልገፋሁትም፤ ራሱ ነው የወደቀው» የሚለው መከራከሪያ አያድነውም። ኀላፊነት የሚቀርለት ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ ይኸውም በግልጽ የተሰጠውን የጥንቃቄ ትእዛዝ ጥሶ ወይም አካሉንና አእምሮውን መግዛት እስኪያቅተው ሰክሮ ወደ ሥራ በመምጣት ጉዳት የደረሰበት እንደ ሆነ ነው። ከዚህ ላይ አስተዋይ ነጋዴ አንድ ነገር ይማራል፤ የጥንቃቄ ትእዛዝ ያልሰጠ አሠሪ ትእዛዝ ተጣሰ ብሎ ሊከራከር አይችልም።

አደጋው በደረሰ ጊዜ አሠሪው የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት፣ ተጎጂውን ተስማሚ በሆነ ማጓጓዣ ወደ ቅርብ ሕክምና ቤት ማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማስታወቅ አለበት። የሐኪም፣ የቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም የእርሱ ዋጋ፣ በአሠሪው ይከፈላል። በዚህም ላይ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ፣ ከ1 ዓመት ለማይበልጥ ዘመን፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንሰውን ያገኛል።

ለምሳሌ ያህል በዳንግላ የእህል መጋዘን ውስጥ በወር 3000 ብር የሚከፈለው አንድ ሠራተኛ ከመኪና ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ዓመት ሙሉ ቢተኛ፣ ሒሳቡ እንደሚከተለው ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት 9000 ብር፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት 6750 ብር፣ በመጨረሻዎቹ 6 ወራት 9000 ብር፣ በድምሩ 24,750 ብር ነው። የሕክምናው ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። ይህ ሰው በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሆኖ ዳግመኛ ሊሠራ የማይችል ሙሉ የአካል ጉዳተኛ ቢሆን፣ የ5 ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ይህም 180,000 ብር ይሆናል። አንድ መካከለኛ ነጋዴ ይህን ገንዘብ በአንድ ቀን ክፈል ቢባል ሱቁ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለሠራተኞች የሥራ ላይ ጉዳት የሚሸጡትን የመድን ውል መግዛት ከወጪ ሳይሆን ከጥበቃ የሚቈጠር ነው። እንዲሁም ሠራተኛውን በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አስመዝግቦ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እየከፈሉ መኖር ለሁለቱም ይበጃል።

ሕመሙ ከሥራው ውጭ የመጣ እንደ ሆነ

ያው ሠራተኛ ከመኪና ላይ ባይወድቅና ተስቦ ቢይዘው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሠራተኛው ለመምጣት ያልቻለበትን ምክንያት በማግስቱ ማስታወቅና ከታወቀ ሕክምና ቤት ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በዚህ ስሌት ባለ 3000 ብሩ ሠራተኛ በ6 ወር ሕመም የሚያገኘው በጠቅላላው 6000 ብር ብቻ ነው።

ሊስተዋል የሚገባው ግን ሌላ ነው። ሕጉ በዚህ ጊዜ ደመወዙን እንጂ የሐኪሙንና የመድኃኒቱን ዋጋ በአሠሪው ላይ አልጣለም። ሠራተኛው ደመወዙ ወደ ግማሽ በወረደበት ወር የሆስፒታል ወጪ ከራሱ ይከፍላል። በአንድ ሰው ላይ ገቢ ማነስና ወጪ መብዛት በአንድ ወር የሚገናኙት በዚህ ስፍራ ነው፤ ከአሠሪው «በደመወዜ የሚታሰብ ብድር ስጠኝ» የሚለው ልመና የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ወላድ ሠራተኛን በሚመለከት ሕጉ ቸር ነው። ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን በሙሉ ደመወዝ ታርፋለች፤ በቀድሞው ሕግ ከወሊድ በኋላ ያለው ዕረፍት 60 ቀን ነበር። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበትም ጊዜ ደመወዝ አይቈረጥበትም።

ደመወዝ ለሌለው ሰው የወጣው መድን

ገበሬውን፣ የእጅ ባለሙያውንና ቸርቻሪውን ለመርዳት የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስቱ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ደቡብ አቸፈር ለአዊ ጎረቤት ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ሰው ከተማዋን ዱርቤቴን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ የአዊ ሰው የመድኑን ነገር ከሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን ከጎረቤቱ ገበያተኛ ለመስማት ችሏል። ሙከራው ካለፈ በኋላ አሠራሩ በክልሉ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ተስፋፋ።

አሠራሩ ይህ ነው። ቤተ ሰቡ በሙሉ እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይመዘገብም። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የሚሰበሰበውም ገበሬው ምርቱን ሸጦ ገንዘብ በእጁ በሚገኝበት ወራት ነው። የየቀበሌው መዋጮ በወረዳው አንድ ቋት ውስጥ ይጠራቀማል። ለእጅግ ድኾች ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በመዋጮው ላይ ድጎማ ይጨምራል። አባል የሆነ ሰው ደብተሩን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ሕመሙ ከበረታ ጤና ጣቢያው ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። ሳይላክ በራሱ ፈቃድ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ጥቅሙ ይቀነስበታል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ሕክምና በመድኑ አይካተቱም።

ቤተ ሰቡ ሁሉ ይመዘገብ የተባለበት ምክንያት ለነጋዴ አስቸጋሪ አይሆንም። የታመመው ብቻ ቢመዘገብ ቋቱ ወጪ እንጂ ገቢ አይኖረውም፤ ጤነኛው ሲገባበት ግን የብዙዎች ጥቂት መዋጮ የአንዱን ብዙ ወጪ ይሸከማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይህን ይመስላል። ለአዊ ሕዝብም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ዕድሩና ዕቁቡ በየመንደሩ አሉ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ደንብና በራሱ አለቆች ሥር ተሰልፎ ለረጅም ዘመን ሊኖር እንደሚችል በዓይን የሚታይ ምስክር ነው። ልዩነቱ ዕድር የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ መድን የሚደርሰው ሰው እንዳይሞት መሆኑ ነው።

መድኑ በሕመምተኛውና በጤና ሠራተኛው ላይ ያመጣው ለውጥ

በሙከራው ወረዳዎች ከቤተ ሰቦች ግማሽ ያህሉ አባል ሆነው ተገኙ፤ አባላቱም ወደ ሕክምና ቤት የሚሄዱበት ቍጥር በዚያ ጊዜ ከነበረው የሀገሪቱ አማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህ ማለት ሰው አብዝቶ ታመመ ማለት አይደለም፤ ቀድሞ በቤቱ ተኝቶ «ይሻለኝ ይሆናል» ሲል የነበረው ሰው ሕመሙ ሳይጸና መምጣት ጀመረ ማለት ነው። ቶሎ የታከመ ሠራተኛ ቶሎ ወደ ሥራው ስለሚመለስ፣ ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ለገበያውም ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ሸክሙ ወደ ሌላ ትከሻ ተላልፏል። የሕመምተኛው ቍጥር ሲጨምር የነርሱና የጤና መኰንኑ ቍጥር በዚያው ልክ አልጨመረም። አንድ ባለሙያ በጧት የሚያያቸው ሰዎች ብዛት ሲያድግ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል፤ ሰልፉም ይረዝማል። ከዚህ የባሰው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ፋርማሲ ሲታጣ ከግል መድኃኒት ቤት በገንዘቡ ለመግዛት ይገደዳል። ያን ጊዜ የሚወቅሰው ሕጉን ሳይሆን በፊቱ የቆመችውን ነርስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ማደስ ይተዋል። ጤነኞቹ አስቀድመው ሲወጡና ሕመምተኞቹ ሲቀሩ ቋቱ ይጎድላል፤ ቋቱ ሲጎድል ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው ሒሳብ ይዘገያል፤ ሒሳቡ ሲዘገይ መድኃኒት አይገዛም። እንግዲህ የመድኑ ሕይወት የተንጠለጠለው በመዋጮው መጠን ብቻ ሳይሆን በፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ነው።

ለደመወዝተኛው የወጣው፣ የዘገየው ሕግ

ለደመወዝተኛው ደግሞ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቷል። ከአዋጁ በኋላ በወጣው ደንብ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ጡረተኛው ደግሞ ከአበሉ 1 በመቶ እንዲከፍል ተወሰነ። በባለ 3000 ብሩ ሠራተኛ ቢታሰብ ከእርሱ 90 ብር፣ ከአሠሪው 90 ብር በየወሩ ይሆናል። ነገር ግን ሕጉ በታወጀ በ10 ዓመት ውስጥ እንኳ መዋጮው መሰብሰብ ሳይጀምር ቀነ ቀጠሮው ደጋግሞ ተላለፈ። ብዙዎች ደመወዝተኞች «አገልግሎቱ ሳይሻሻል ከደመወዛችን ለምን ይቈረጣል?» ማለታቸው አንዱ እንቅፋት ሆነ።

በዓለም ታሪክ ይህ ዓይነት ክርክር አዲስ አይደለም። ጀርመን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1883 ዓ.ም. የሠራተኞችን የሕመም መድን ሕግ ባወጣች ጊዜ ከመዋጮው ሁለት እጅ በሠራተኛው፣ አንድ እጅ በአሠሪው ላይ ነበረ። የፋብሪካ ባለቤቶች ወጪ በዛብን ብለው ነበር፤ ሆኖም ሕጉ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሌሎችም አገሮች ተከትለውታል። በኢትዮጵያው ደንብ የአሠሪውና የሠራተኛው ድርሻ እኩል መሆኑ ለነጋዴው አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

በሁለቱ ሕጎች መካከል የቀረው ሰው

ከላይ ከተገለጸው ሁሉ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ሰው የወጣው መድን ሥራውን ጀመረ፤ ለደመወዝተኛው የወጣው ግን ለብዙ ዓመት ዘገየ። ስለዚህ በእንጅባራ በአንድ ሱቅ በወር ደመወዝ የሚሠራው ወጣት፣ በገጠር ካለው ወንድሙ ይልቅ ለሕመም የተጋለጠ ሆኖ ቀረ። ወንድሙ የመድን ደብተር ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ እርሱ በኪሱ ያለውን ይቈጥራል። ደመወዝ ማግኘቱ እንደ ሀብት ተቈጥሮበት ከአንዱ በር ተመለሰ፤ ሌላው በር ደግሞ ሳይከፈት ቆየ።

ሌላም አለ። መድኑ በየወረዳው ቋት የተከፋፈለ በመሆኑ ውሉም የሚጸናው ወረዳው ከተዋዋላቸው ሕክምና ቤቶች ጋራ ነው። ከባንጃ ደጋ ተነሥቶ ለቀን ሥራ ወደ ጃዊ ቆላ የሚወርድ ሰው በወባ ቢያዝ፣ የወረዳው ደብተር በሄደበት ስፍራ ላያገለግለው ይችላል። ወባ ደግሞ ሰውን ወደ አገሩ እስኪመለስ አትጠብቅም። ሠራተኛ ሰብስበው ወደ ቆላ የሚያወርዱ ባለ እርሻዎችና ደላሎች ይህን አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት የሚከተሉት ተግባሮች ይወጣሉ።

1ኛ. የሥራ ላይ ጥንቃቄ ትእዛዝ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይሰጥ፤ የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ በመጋዘኑ ይገኝ።

2ኛ. ለሥራ ላይ ጉዳት የመድን ውል ይገዛ፤ ሠራተኛውም በጡረታ ይመዝገብ።

3ኛ. በቀን ሙያተኝነት የሚሠሩት ጫኞችና አውራጆች በየቤተ ሰባቸው የጤና መድን አባል መሆናቸው በምዝገባው ወራት ይጠየቅ፤ ገንዘብ ያጠረው ቢኖር መዋጮው በብድር ይከፈልለትና በጥቂት በጥቂቱ ይመለስ።

4ኛ. የወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በየትኛው መድን ሊገባ እንደሚችል ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ፤ የሚገባበት ካልተገኘ አሠሪውና ሠራተኞቹ በየወሩ ጥቂት እያዋጡ ለሕክምና ብቻ የሚውል ሣጥን ያቋቁሙ።

5ኛ. ወደ ሌላ ወረዳ ለሥራ የሚላክ ሰው ቢታመም የት እንደሚታከምና ማን እንደሚከፍል ከመነሣቱ በፊት በውል ይጻፍ።

ከእነዚህ ውስጥ 2ኛው በየዓመቱ የታወቀ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የቀሩት የሚጠይቁት በአብዛኛው አሳብና ጥቂት ወረቀት ነው። ሕመም መምጣቱን ማንም አያስቀርም፤ ወጪው በድንገት በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ግን ይቻላል። በሚመጣው ዓመት መዝገቡን የሚያዘጋጅ ነጋዴ ከኪራዩና ከግብሩ በታች ለሠራተኛው ሕመም አንድ መስመር ቢጨምርበት፣ ሒሳቡ ከእውነተኛው ንግዱ ጋራ ይስማማለታል።